ወሰን ሲገፋ ድምፅ የት ይገባል?

የድንበር ድንጋይ መንቀል ኃጢአት ስለመሆኑ በመርሳም ሆነ በወልድያ የሚከራከር ሰው አይገኝም። ኦሪት ዘዳግም የባልንጀራውን ወሰን የሚያፈልስን ይረግማል። ነቢዩ ሙሐመድም የሰውን መሬት ስንዝር ያህል በግፍ የወሰደ ሰው በትንሣኤ ቀን ሰባት ምድር በአንገቱ እንደሚጠለቅበት ማስጠንቀቃቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ማሳ ለማሳ ተጎራብቶ በሚያርስበት በሀብሩ ወረዳ፣ የድንበር ጠብ ለመዳኘት ለሚቀመጡ ሽማግሌዎች ሁለቱም ትምህርቶች እኩል ይከብዳሉ። ግን ማሳው ከነባለቤቱ ባለበት ረግቶ የካርታው መስመር ብቻ ቢሄድስ? ከገበሬው ስንዝር መሬት አልተነካም፤ ድምፁ ግን ወደ ሌላ ምክር ቤት ተዛውሯል። ይህስ ድንበር መግፋት ይባላል?

ጥያቄው ለዚህ አካባቢ ባዕድ አይደለም። በቀድሞው የወሎ ጠቅላይ ግዛት ወልድያ የየጁ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ከየጁ በስተ ሰሜን ደግሞ የራያና ቆቦ አውራጃ ቆቦን፣ አላማጣንና ኮረምን ይዞ ይቀጥል ነበር። የሽግግር መንግሥቱ በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱን በክልል ሲያዋቅር ይህ አውራጃ ለሁለት ተከፈለ፤ ቆቦ በአማራ ክልል ቀረ፣ አላማጣና ኮረም ወደ ትግራይ ገቡ። ገበያው፣ ጋብቻው፣ ለቅሶው እንደ ዱሮው ቀጠለ። የሚኖርበትን ሕዝብ ግን በድምፅ የጠየቀው አልነበረም።

ከሦስት ዓመት በኋላ የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 46 ክልሎች የሚዋቀሩት በሕዝብ አሰፋፈር፣ በቋንቋ፣ በማንነትና በፈቃድ ላይ ተመሥርተው እንደሆነ ደነገገ። ፈቃድ የሚለው መሥፈርት ሲጻፍ መስመሩ ቀድሞ ተሠምሮ አድሮ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እስከ ትግራዩ ጦርነት ድረስ ራሱን አማራ ወይም በቀላሉ ራያ ብሎ የሚጠራ የአላማጣ መራጭ ድምፁን የሚሰጠው ትግራይ ላላት 38 የፓርላማ መቀመጫና ለመቀሌው ምክር ቤት ሆነ። ቆቦ ላይ ያለው ወንድሙ ደግሞ ከአማራ ክልል 138 መቀመጫዎች አንዱን ይመርጣል። አንደኛው በክልሉ አናሳ፣ ሌላው ብዙኃን ሆነ፤ ከቤቱ የተነሣ ግን የለም። መስመሩ በተቃራኒው ቢሠመር ኖሮ ደግሞ ትግርኛ ተናጋሪው የኮረም ነዋሪ በባሕር ዳሩ ምክር ቤት አናሳ ይሆን ነበር። ይህን ሁለተኛውን መናገር ወልድያ ላይ ቀላል አይደለም፤ በተለይ በጦርነቱ ከተማዋ በ2013 መጨረሻ በትግራይ ኃይሎች ተይዛ ለወራት ከቆየች በኋላ። ሆኖም የአላማጣውን በደል በደል የሚያሰኘው ምክንያት ኮረም ላይ ሲደርስ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያም ምክንያት አልነበረም።

መሬት ሳይነካ ድምፅ መወሰዱ በሌላ አገርም ታይቷል። በአሜሪካ አላባማ ውስጥ ተስኪጊ የምትባል ከተማ አለች። ወሰኗ አራት ማዕዘን ነበር። የግዛቱ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1957 ወሰኑን ሃያ ስምንት ጎን ያለው ጠመዝማዛ ቅርጽ ሰጠው፤ በዚህም ከ400 ያህል ጥቁር መራጮች ከአራት ወይም ከአምስት በቀር ሁሉም ከከተማው ክልል ውጭ ሆኑ። ነጭ መራጭ አንድም አልወጣም። ቻርለስ ጎሚሊየን የሚባሉ የተስኪጊ መምህር ከሰሱ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1960 በአንድ ድምፅ ፈረደላቸው። ከማንም ላይ መሬት አልተወሰደም፣ ከቤቱም የተባረረ የለም፤ ዳኞቹ ግን የተወሰደውን ነገር አዩት። የሚያሳዝነው ያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ወሰኑ ለፓርቲ ጥቅም ሲባል የተጠመዘዘ እንደሆነ የፌዴራል ዳኞች ሊዳኙት እንደማይችሉ መወሰኑ ነው። ሰው በቆዳው ቀለም ምክንያት ድምፁን ሲነጠቅ ፍርድ ያገኛል፣ በሚደግፈው ፓርቲ ምክንያት ሲነጠቅ ግን አያገኝም ማለት ነው። ለተነጠቀው ሰው ልዩነቱ ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ የወሰን መስመር ይህን ያህል የሚከብደው በምርጫ ሥርዓቱ ምክንያት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በየምርጫ ክልሉ ብልጫ ድምፅ ያገኘ ወንበሩን ይወስዳል፤ ሁለተኛ የወጣው ባዶ እጁን ይመለሳል። በ2002ቱ ምርጫ ከ547ቱ መቀመጫ ተቃዋሚው መድረክ ያገኘው አንድ ብቻ ነበር። መስመሩ መራጮችን በታትኖ በየምርጫ ክልሉ ሁለተኛ ካደረጋቸው፣ ቁጥራቸው የቱን ያህል ቢሆን ወንበር የላቸውም።

ይኸው መስመር በቅን እጅ ሲያዝ ጋሻ ይሆናል። ያው አንቀጽ ለአናሳ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 መቀመጫ ያስቀምጣል። በ2002 ከአማራ ክልል 138 ወንበሮች አንዱን የወሰደው የአርጎባ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት ነበር፤ አርጎባ ልዩ ወረዳ ባይሆን ኖሮ ያ ድምፅ በጎረቤቶቹ ድምፅ ተውጦ ይቀር ነበር። የሐረሪ ክልል ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ከክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫዎች 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው፤ ለእነሱም ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች ይመርጣሉ። በ2013 ምርጫ ቦርድ ይህን አልቀበልም ሲል ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ለሐረሪዎች ተወሰነ። በዚያ ውሳኔ ድምፅ መሬቱን ትቶ ሰውየውን ተከትሏል።

እንግዲያ ወሰን በማንነት ይሠመር ከተባለ፣ ማንነት ራሱ ይረጋል ወይ? የየጁ ታሪክ እንደማይረጋ ይመሰክራል። በዘመነ መሳፍንት ጎንደርን የገዙት የየጁ መኳንንት በዘመናቸው ከኦሮሞና ከእስልምና ጋር የሚቆጠር ትውልድ የነበራቸው፣ ክርስትና ተነሥተው ራስ የተባሉ ሰዎች ናቸው፤ የመጨረሻው ራስ አሊ ዳግማዊ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ተሸነፉ። የዛሬው የጁ አማርኛ ይናገራል። በ1984ቱ ዓይነት ብዕር በእሳቸው ዘመን ወሰን ቢሠመር ወልድያ የት ትወድቅ ነበር? በትውልድ ብቻ የተሠመረ መስመር የአንድን ዘመን ፎቶግራፍ ለልጅ ልጅ ግድግዳ ያደርገዋል። ስለዚህ ከአንቀጽ 46 አራት መሥፈርቶች ቅድሚያ የሚገባው ፈቃድ ነው፤ እየታደሰ ሊጠየቅ የሚችለው እሱ ብቻ ነውና።

ፈቃድ ለመጠየቅ ደግሞ ሰው መቁጠር ይቀድማል። አንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ፣ የምርጫ ክልሎች ወሰንም በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ በፌዴሬሽን ምክር ቤት እንዲወሰን ያዝዛል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። አራተኛው ተደጋግሞ ተራዝሞ ቀርቷል። በዚህ መካከል ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባት አድጋለች፣ ጦርነት አልፎባታል፣ በዙሪያዋ ሕዝብ ተፈናቅሏል።

ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ሲፈረም የይገባኛል ጥያቄ ያለባቸው አካባቢዎች ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት እንዲፈታ ተባለ። በ2016 የፌዴራሉ መንግሥት ተፈናቃዮች ተመልሰው ሕዝበ ውሳኔ እንዲደረግ ሐሳብ አቀረበ። ክርክሩ ያኔ ከካርታው ወደ መራጮች መዝገብ ወረደ፦ የሚመዘገበው ማን ነው? ከጦርነቱ በፊት የነበረው፣ በጦርነቱ የሸሸው፣ ከዚያ በኋላ የገባው ወይስ ከ1984 በፊት ተሰድዶ የቀረው? ፈላስፋው ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት መጽሐፍ ደንብ የሚያወጣ ሰው በዚያ ደንብ ሥር የትኛው ወገን ላይ እንደሚወድቅ ሳያውቅ ያውጣው ይላሉ። የውርስ መሬት የሚካፈሉ ወንድማማቾችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ መደቡን የከፈለው አይመርጥም፣ ዕጣ ይጣላል። በራያ ጉዳይ ይህ ማለት የመዝገቡን መነሻ ቀን መቀሌም ባሕር ዳርም ብቻቸውን አይወስኑትም፤ ቀኑ ውጤቱ ከመገመቱ በፊት ይቆረጣል፤ ትግርኛ ተናጋሪው ተፈናቃይም አማርኛ ተናጋሪው ነባርም በአንድ መዝገብ ይሰፍራሉ፤ የተሸነፈው ወገንም ከውጤቱ በኋላ በቋንቋው የሚማርበትና ወንበር የሚያገኝበት ሕግ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ይጸድቃል።