አምስት ደቂቃ

ዴሪክ ቡጋርድ በሰሜን አሜሪካው ትልቁ የበረዶ ሆኪ ሊግ 277 ጨዋታ ተጫውቶ ያገባው ጎል ሦስት ነው። ሦስት! የተቆጠረበት የቅጣት ጊዜ ግን 589 ደቂቃ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «ይሄ ልጅ እንዴት ቡድን ውስጥ ቆየ?» ማለቱ አይቀርም። ሥራው ጎል ማግባት አልነበረማ። ሁለት ሜትር የሚሞላ ቁመቱን ይዞ የቡድኑን ኮከቦች የነካን ሰው መደብደብ ነበር ሥራው።

ሆኪ ለማታውቁ፦ ሁለት ተጫዋቾች ጓንታቸውን ጥለው ቡጢ ሲገጥሙ ዳኛው ዳር ቆሞ ያያል፤ ሲወድቁ ይገላግልና ለእያንዳንዳቸው አምስት ደቂቃ ቅጣት ይሰጣል። ከዚያ ተመልሰው ይጫወታሉ። እግር ኳስ ቢሆን ቀይ ካርድ ነው። እኔ ኮድ ጽፌ የምኖር ሰው ነኝ፤ አንድ ፕሮግራም ያንኑ ነገር ለዓመታት እየደጋገመ ባለቤቱ እያየ ካልነካው፣ ስህተት ነው ብዬ አላምንም። እንደዛ እንዲሠራ ተፈልጓል።

ቡጋርድ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2010 ኦታዋ ላይ ተደባድቦ ጭንቅላቱን ተመታ፤ ከዚያ በኋላ አልተጫወተም። በሜይ 2011 ሚኒያፖሊስ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የገደለው ኦክሲኮዶን የሚባል የህመም ማስታገሻ ከአልኮል ጋር ተደባልቆ ነው። 28 ዓመቱ ነበር። አንጎሉ ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተሰጥቶ ሲመረመር፣ ጭንቅላት ደጋግሞ ሲመታ የሚመጣው ሲቲኢ የተባለ በሽታ ተገኘበት።

«ወዶ ገባበት፣ ደግሞም ተከፍሎታል» ይባላል። እውነት ነው፣ ኒው ዮርክ ሬንጀርስ ለአራት ዓመት 6.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈርሞታል። ግን መቼ ነው የወደደው? መልማዮች ዓይን ውስጥ የገባው ገና ጎረምሳ ሳለ ሳስካችዋን ውስጥ ነው፣ ያውም በድብድብ። ድብድቡን ትተህ ተጫወት ቢባል ቦታ የለውም። ሌላ በር የሌለው ልጅ የገባበትን በር «መረጠ» ማለት ይከብደኛል። ሲቲኢን ደግሞ እርግጠኛ ሆኖ ማወቅ የሚቻለው ከሞት በኋላ ነው፤ ታዲያ ሲፈርም የተስማማው በምንድነው? ገንዘብ አደጋን ይገዛ ይሆናል፤ የማይታወቅ አደጋ ግን ዋጋው እንዴት ይቆረጣል? (ተመልካቹም አለ። ውሉ ላይ ፊርማው የለም፣ ድብድብ ሲጀመር ግን መጀመሪያ ብድግ የሚለው እሱ ነው።)

ቤተሰቡ ሊጉን ከሰሰ፤ በ2017 ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገው። የአምስት ደቂቃዋ ቅጣት ዛሬም ደንቡ ላይ አለች።