ከውጤቱ በኋላ የምንመለስበት ቤት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



መምህር በወረቀት የሚሰጠንንም፣ ሰይጣን በልባችን የሚያመጣብንንም በአንድ ቃል «ፈተና» እንላቸዋለን። ነጥብ ያልሞላለትንም፣ በኃጢአት የተሰናከለውንም «ወደቀ» እንለዋለን። ቃሉ አንድ ስለ ሆነ ነገሩንም አንድ አድርገን እንደ ኖርን ያስተዋልነው ግን ዘግይተን ነው። በወረቀት ፈተና የወደቀውን ወንድማችንን በኃጢአት ከወደቀው ይልቅ አርቀነው ተገኝተናል። ኃጢአት የሠራውንስ «ንስሐ ግባ፣ ተመለስ» እንለዋለን። ነጥብ ያልሞላለትን ግን ምንም አላልነውም። ዛሬ ልንነጋገር የወደድነው ስለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን ለዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና የተቀመጡ ብዙዎች ነበሩ። አንደኛው ከዳባት በኩል የመጣ ወንድማችን ነው። በመዝሙር ክፍል ከበሮ መቺያችን እርሱ ነበር። ለማለፍ 50 ያስፈልጋል፤ እርሱ 46 አመጣ። ውጤቱ በታወቀ በሁለተኛው እሑድ እኛ ላለፉት የምስጋና መርሐ ግብር አዘጋጀን። ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ ስማቸው በየተራ ተነበበ፣ እልልታና ጭብጨባ ሆነ። በማግሥቱ እሑድ ያ ወንድማችን አልመጣም። «ሥራ ይዞት ይሆናል» አልን። አንድ ወር አለፈ፤ ሦስት ወር ሆነ። በመጨረሻ ሁለት ሆነን ከከተማው ዳር ወደ ተከራያት ክፍል ሄድን። ቡና አፍልቶ ተቀበለን፤ ስለ ሁሉም ነገር አጫወተን። ልንወጣ ስንል ግን እንዲህ አለን፦ «እናንተ ምንም አላጠፋችሁም። ግን የስም ዝርዝሩን ስታነቡ እኔ ከበሮውን ይዤ ከኋላ ቆሜ ነበር። ስሜ ሲዘለል ሰማሁት።»

ወንድሞችና እኅቶች፣ በመንገድ ላይ ስንመለስ አንዳችንም አልተናገርንም። የፈተናን ጭንቀት ያመጣብን ፈታኙ ብቻ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባን። እኛም በእልልታችን ጨምረንበታል።

ይህ የአንድ ሰው ነገር ብቻ አይደለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው በተሰጠው የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ በተሰጠው ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 5.4 ሆኑ። የመውጫ ፈተናም በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ሲጀመር ያለፉት ከመቶ ወደ 41 ያህሉ ናቸው። ከዚያም ዲግሪ የያዘው ሰው በየመሥሪያ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ክፍት የሥራ መደብ ያነባል፤ ይመዘገባል፤ ለአንድ መደብ ከብዙዎች ጋር ለጽሑፍ ፈተና ይቀመጣል። ሥራ የያዘውም ቢሆን አላረፈም። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ነባር ሠራተኞቹን ሳይቀር ለብቃት ምዘና ፈተና አስቀምጧል። በክልላችን ደግሞ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በሆነው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ስለ ተዘጉ፣ ለፈተናው ጭራሽ መቀመጥ ያልቻሉ ታናናሾቻችን ብዙዎች ናቸው።

እንግዲህ ቁጥሩን አስተውሉ። ከመቶ 97ቱ ነጥብ በማይሞላላቸው ዓመት፣ ላለፈው ብቻ ቦታ ያላት ጉባኤ ከመቶ ለሦስት ሰው ብቻ ቦታ አላት ማለት ነው። ጌታችን ግን መቶ በግ የነበረውን እረኛ በምሳሌ ሲነግረን፣ እረኛው የሄደው ወደ ጠፋው ወደ አንዱ ነው። እኛ ሒሳቡን ገልብጠነዋል።

የደጋው ልጅ ሸክም ደግሞ የራሱ ብቻ አይደለም። ከአምባ ጊዮርጊስ፣ ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከስሜን ተራራ ግርጌ ወደ ጎንደር የሚመጣው ተማሪ በሶና ድርቆሽ ብቻ ይዞ አይመጣም። የተሸጠችውን በግ፣ በእርሱ ምክንያት ከትምህርት የቀረችውን እኅቱን፣ «ልጄ ተምሮ ይጦረኛል» የሚለውን የአባቱን ቃል ይዞ ይመጣል። ወረቀቱ ፊት ሲቀመጥ እነዚህ ሁሉ አብረውት ይቀመጣሉ። እጁ ቢንቀጠቀጥ ምን ይደንቃል?

የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ለዚህ ዝም አላለም። ግንቦት 11 ቀን የምናስበው ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት እንቢ ያለው ልጅ ነበር። መምህሩ አጎቱ አባ ጌዴዎን ነበሩ፤ ገረፉትና ሸሸ። በመንገድ ላይ ከዛፍ ሥር አርፎ ሳለ አንድ ትል ፍሬውን ልትበላ ስትወጣ፣ ስትወድቅ፣ ደግሞ ስትወጣ አየ። ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ ደረሰች። ያሬድም ከእርስዋ ተማረ። ይህን ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ስለ ትጋትም ብዙ ጊዜ ተሰብኮበታል። ብዙ ያልተነገረው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያሬድ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ ወዴት ሄደ? ወደዚያው ወደ ሸሸበት ቤት ተመለሰ። መምህሩም ተቀበሉት። የገረፉት እጆች በሩን ከፈቱለት። ያ በር ተዘግቶ ቢሆን፣ ትልዋ አንድ ሺህ ጊዜ ብትወጣ ለያሬድ ምን ትጠቅመው ነበር? የተማረውን ትጋት የት ወስዶ ይሠራበት ነበር? ለወደቀ ሰው ትጋት ብቻውን አይበቃውም፤ ተመልሶ የሚጀምርበት ቤት ያስፈልገዋል።

ሌላም ከዛፍ ሥር የተቀመጠ አለ። ነቢዩ ኤልያስ ኤልዛቤልን ፈርቶ ወደ ምድረ በዳ በሸሸ ጊዜ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን እንደ ለመነ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በምዕራፍ 19 ተጽፏል። እግዚአብሔር ምን አደረገለት? አስቀድሞ አልገሠጸውም። እንዲተኛ ተወው። መልአኩ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ተኛ። መልአኩም ሁለተኛ አበላው፤ መንገዱ ሩቅ ነበርና። ቃል የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ነቢይ እንኳ በጭንቀት ቀን እንቅልፍና እንጀራ ካስፈለገው፣ እኛ ሌሊቱን ሙሉ ዓይናችንን እያሸን፣ ምሳችንን እየዘለልን የምናነበው ከእርሱ ስለ በረታን ነውን? የሰኔ ጾም ከፈተና ዝግጅት ጋር በሚገጥምበት ጊዜም አቅም ያነሰን እንደ ሆነ የንስሐ አባታችንን እንጠይቅ። በራሳችን ፈቃድ ጾሙን መተውም፣ በራሳችን ፈቃድ ሰውነታችንን ማድቀቅም ትሕትና አይደለም።

ከመካከላችን እንደ ኤልያስ ሞትን እስከ መመኘት የደረሰ ቢኖር ደግሞ አደራ፣ ብቻውን አይቀመጥ። ለአንድ ወንድም ይንገረው፤ ለንስሐ አባቱ ይንገር። በከተማችን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ባለሙያዎች አሉ። ወደ እነርሱ መሄድ የእምነት ማነስ አይደለም። መልአኩ ለኤልያስ ያመጣለትም የሚበላና የሚጠጣ ነገር ነበር።

አንዳንዶች ግን «ለዓለማዊ ፈተና ይህን ያህል መጨነቅ ምንድን ነው? ጸሎት ይበቃል» ይሉናል። ለእነዚህ ነቢዩ ዳንኤል ይመልስላቸው። ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች በንጉሥ ቤት ለማገልገል ተመርጠው የባቢሎንን ጽሕፈትና ቋንቋ ሦስት ዓመት ተማሩ። ሲፈጸም ንጉሡ ራሱ ጠየቃቸው፤ ከጠቢባኑም ሁሉ አሥር እጅ በልጠው ተገኙ። ለመንግሥት ሥራ የሚሰጥ ፈተና ከዚህ በላይ ምን አለ? እነርሱ ከሃይማኖታቸው አልጎደሉም፤ ከትምህርታቸውም አልጎደሉም። ደግሞም አራት ነበሩ። አንዱ ለአንዱ አለ፤ አብረው ጸለዩ፣ አብረው ተማሩ፣ አብረው በንጉሡ ፊት ቆሙ።

ስለ ስለትም ትንሽ እንበል። «ካለፍኩ ለታቦቱ ጥላ አስገባለሁ» ብለን የተሳልን ብዙዎች ነን። ስለት ክፉ አይደለም፤ ሐናም ተስላለች። ነገር ግን ስለታችን ወደ ገበያ ውል ሲለወጥ፣ ውጤቱ ያልሞላ ቀን «ቅዱሱ ናቀኝ» ወደ ማለት ያደርሰናል። ብዙ ወንድሞች ከደጀ ሰላሙ የቀሩት በዚህ መንገድ ነው። እግዚአብሔር ጸሎታችንን የሚሰማው አባታችን ስለ ሆነ ነው እንጂ ጥላ ስለ ጎደለበት አይደለም። ኩረጃንም የወለደው ይኸው ፍርሃት ነው። መውደቅ የሰውነት ዋጋ የሚያሳጣ የሚመስለው ሰው የማይነካው ነገር የለም። መውደቅን የማይፈራ ግን በገዛ እጁ ያመጣትን 46 ይዞ ቀና ብሎ ይሄዳል።

ስለዚህ በክፍላችን ተመካክረን ጥቂት ነገር ቆርጠናል። አንደኛ፣ ፈተና ያለበት ሁሉ ከዘመን መለወጫ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን ከመዝሙር ጥናት በፊት በአዳራሹ አብሮ ያጠናል። የቀድሞ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎችን አብረን እንሠራለን፤ አንዱ ያልገባውን ሌላው ያስረዳዋል። ሁለተኛ፣ በፈተናው ሳምንት ዋዜማ ጸሎት እናደርጋለን፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም በጊዜ ገብቶ ይተኛል። ሦስተኛ፣ የስም ዝርዝር ማንበብ ቀርቷል። ውጤት በወጣ በመጀመሪያው እሑድ የተቀመጡት ሁሉ፣ ያለፉትም ያልሞላላቸውም፣ በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ፤ ድፎው ለሁሉም ይቆረሳል። ያለፈውን እንኳን ደስ ያለህ እንለዋለን፤ ደስታውን ልንቀማው አንወድም። ያልሞላለትን ግን በዚያው ሳምንት ሁለት ሁለት ሆነን ቤቱ እንሄዳለን። ሦስት ወር አንጠብቅም።

ወላጆቻችንንም አደራ እንላለን። እናንተ በግ ሸጣችሁ አስተምራችሁናል፤ ውለታችሁን አንረሳም። ልጃችሁ በስልክ «አልሞላልኝም» ሲላችሁ ግን ከሌላው ነገር ሁሉ አስቀድማችሁ «ና፣ ቤትህ ነው» በሉት። ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ጎንደር ብዙ ትውልድ ያስተማረች ከተማ ናት። በበኣታ የአቋቋሙ ጉባኤ አለ። በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት የተጀመረው ዩኒቨርሲቲያችንም ከዚህ ወዲህ ብዙ ሺህ ሰው አስመርቋል። የቆሎ ተማሪው የውሻ ንክሻ እየታገሠ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጁ ሲለምን፣ የዘንድሮው ትምህርት ካልገባው በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል። ያላዜመ ደግሞ ያዜማል፤ ያልዘለቀ ደግሞ ይቀጽላል። «ወድቋልና ውጣ» የሚለው የለም። ይህ ልማድ የእኛው ነው፤ ከሩቅ አልመጣም። ወደ አዳራሻችን ልንመልሰው ይገባል።

ያ ወንድማችን በመስቀል ማግሥት ተመልሷል። ይቅርታ ጠየቅነው፤ እርሱም ሳቀና «ከበሮውን ማን አላላው?» ብሎ ጠፍሩን መወጠር ጀመረ። ለሁለተኛ ጊዜ ሊቀመጥ ተመዝግቧል፤ ማታ ማታ ከእኛ ጋር ያጠናል። በዚህኛው ይሙላለት አይሙላለት እግዚአብሔር ያውቃል። ለጥምቀት ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ግን ከበሮውን የሚመታው እርሱ ነው። በሁለተኛው ውጤት ማግሥት በሚመጣው እሑድም፣ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን፣ የሚመታው እርሱ ነው።

አምላከ ቅዱስ ያሬድ ለምንፈተን ሁሉ ማስተዋልን፣ ለወደቅን መመለስን፣ ላለፍን ወደ ኋላ መመልከትን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።