ስም ማውጣትና አደራ

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 እንደተጻፈው እግዚአብሔር የፈጠራቸውን እንስሳት ወደ አዳም አመጣቸው፤ አዳምም ለእያንዳንዳቸው ስም አወጣላቸው። ከዚህ ታሪክ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሰው ለፍጥረት ስም ሲያወጣ ባለቤትነቱን ማወጁ ነውን? ወይስ አደራ መቀበሉ?

ጥያቄውን ከኑሯችን የራቀ በሚመስል ምሳሌ እንመርምረው። በሞቃት ባሕሮች ውስጥ ስቲንግሬይ የሚባሉ፣ አካላቸው ጠፍጣፋና ሰፊ የሆነ፣ በጅራታቸው ላይ መርዛም እሾህ ያላቸው ዓሦች ይኖራሉ። ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔዎስ እ.ኤ.አ. በ1758 ባሳተመው የፍጥረታት መዝገብ እነዚህን ከዓሦች ለይቶ፣ እንቁራሪትና እባብ በሚገኙበት ክፍል መድቧቸው ነበር። ደቀ መዝሙሩ ፔተር ፎርስኮል ደግሞ ወደ ቀይ ባሕር ተጉዞ ዓሦችን ሲመዘግብ፣ ለብዙዎቹ የአገሩ ሰዎች በዐረብኛ የሚጠሯቸውን ስሞች ተቀበለ። እርሱ በ1763 በየመን በሕመም ሞተ፤ መጽሐፉን በ1775 ለኅትመት ያበቃው ከጉዞው በሕይወት የተመለሰው ባልደረባው ካርስተን ኒቡር ነው። ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለበት የቀይ ባሕር ስቲንግሬይ «ሊማ» የሚለውን ስም ያገኘው በዚሁ መጽሐፍ ነው።

ከቀይ ባሕር እስከ ምዕራብ ፓሲፊክ ያለው ሊማ ሁሉ ለብዙ ዘመን እንደ አንድ ዓይነት ይቈጠር ነበር። በ2016 ግን ተመራማሪዎች በሜላኔዢያ ደሴቶች አካባቢ የሚገኘውን ለይተው ሌላ ስም ሰጡት። «ስሙ እንዲህ የሚለዋወጥ ከሆነ ድካሙ ከንቱ አይደለምን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የታረመው የእኛ መዝገብ እንጂ ዓሣው አይደለም። ፍጥረቱ ስም ሳናወጣለት አስቀድሞ ራሱን ነበረ፤ እኛም በፊቱ ተማሪዎች ነን። ተማሪ ደግሞ በሚማርበት ነገር ላይ ጌታ ነኝ ሊል አይችልም።

ይህም ብቻ አይደለም። ሁለት ዓይነት ፍጥረት በአንድ ስም ሲጠራ የአንዱ ብዛት የሌላውን መመናመን ይሸፍናል። በ1862 በጃካርታ የዓሣ ገበያ ከተገኘ በኋላ ዳግመኛ ያልታየ አንድ የስቲንግሬይ ዓይነት አለ። በታኅሣሥ 2023 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከምድር ፈጽሞ መጥፋቱን አስታወቀ። ለጥፋቱ ምክንያት የተባሉት ልክ ያጣ ዓሣ ማጥመድና የባሕሩ ዳርቻ መበላሸት ናቸው። ስም ባይኖረው ኖሮ መጥፋቱን እንኳ ባላወቅን ነበር፤ ነገር ግን ስም ማግኘቱ ብቻ አላዳነውም። በመዝገብ ተጽፎ ጠባቂ አጣ።

«ሰው እየተራበ ስለ ዓሣ መጨነቅ ተገቢ ነውን?» የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ሰው በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ነውና ይበልጣል። ይሁን እንጂ ባሕሩ ሲራቈት አስቀድሞ ባዶ መረብ የሚስበው ድኻው አጥማጅ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው የድኾች ጩኸትና የምድር ጩኸት እንደማይነጣጠሉ፣ ፍጥረታትም ለሰው ከሚሰጡት ጥቅም ባሻገር የራሳቸው ዋጋ እንዳላቸው ያስተማሩት ስለዚህ ነው።

ካቴኪስቶች ይህን ከራሳቸው አገልግሎት ያውቁታል። የተጠማቂው ሕፃን ስም በጥምቀት መዝገብ ሲጻፍ ሕፃኑ የቍምስናው ንብረት አይሆንም፤ ቍምስናው ስለ እርሱ ተጠያቂ ይሆናል እንጂ። ስሙ ተጽፎ ሕፃኑ ቢዘነጋ መዝገቡ ራሱ ይመሰክርብናል። አዳምም ለእንስሳት ስም ያወጣው ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ከታዘዘ በኋላ ነው። እኛም ስሙን ስላወቅነው ፍጥረት ሁሉ በፈጣሪው ፊት መልስ እንድንሰጥ እንጠየቃለን።