ደብዳቤው የማን ነው?

አባትዎ ከሁለት ዓመት በፊት የልብ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ድነዋል እንበል። ከሆስፒታሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል፤ የሚተረጉሙላቸው እርስዎ ነዎት። «በቀዶ ጥገናው ወቅት ለአንድ ባክቴሪያ ተጋልጠው ይሆናል፤ አደጋው ግን አነስተኛ ነው» ይላል። ይነግሯቸዋል? ወይስ አጥፈው ኪስዎ ይከቱታል?

ነገሩ ተረት አይደለም። በልብ ቀዶ ጥገና ጊዜ ደም ለማሞቅና ለማቀዝቀዝ የሚያገለግል፣ በውሃ የሚሠራ መሣሪያ አለ። ውሃው ከበሽተኛው ጋር ከቶ አይገናኝም። ሆኖም የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የሩቅ ዘመድ የሆነው ማይኮባክቴሪየም ኪሜራ በውሃው ማጠራቀሚያ ውስጥ ይራባና፣ በመሣሪያው ማራገቢያ ወደ አየር ተበትኖ በተከፈተው ደረት ላይ ያርፋል። ይህ መጀመሪያ የተደረሰበት በስዊዘርላንድ፣ በዙሪክ ከተማ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ታካሚዎች እንዲነገራቸው ሆስፒታሎችን መከረ። በሽታው በታየባቸው ሆስፒታሎች እንኳ የተገመተው አደጋ ከ100 እስከ 1,000 ታካሚዎች ለአንዱ ነበር።

ባክቴሪያው ዝግተኛ ነው። ቁስሉ ከሻረ ከወራት፣ ከዓመታትም በኋላ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ድካምና ክሳት ያመጣል። የተለመደው የደም ምርመራ አያገኘውም፤ ሐኪሙም የቀድሞውን ቀዶ ጥገና ካልሰማ ላይጠረጥር ይችላል።

በባህላችን ለበሽተኛ ክፉ ወሬ አይነገርም። መርዶ እንኳ ጊዜ ተጠብቆ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። ልማዱ ከፍቅር የመነጨ ነውና አልንቀውም። ከሺህ ሰው 999ኙ በከንቱ ሊጨነቁ ይችላሉ፤ ጭንቀትም ራሱ ሕመም ነው። ነገር ግን መርዶ የሆነውን መንገር ነው፤ ቢዘገይ የሞተው አይጎዳም። ይህ ደብዳቤ የሚናገረው ገና ስላልሆነ፣ ምናልባትም በጊዜ ሊደረስበት ስለሚችል ነገር ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ተረቱ የሚወቅሰው በሽተኛውን ነው። እዚህ ግን ደባቂው እኛ ነን፤ መድኃኒት የሚያጣው ሌላ ሰው። አስተርጓሚ የቃሉ አድራሽ እንጂ ባለቤት አይደለም።

ስለዚህ ይንገሯቸው፤ አነጋገሩን ግን ከባህላችን ይውሰዱ። ቡና ተፈልቶ፣ ቤተሰብ በተሰበሰበበት፦ «አባባ፣ አደጋው ትንሽ ነው፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ትኩሳት ወይም ላብ ከመጣ ግን ይህን ደብዳቤ ይዘን አብረን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን» ይበሏቸው። ፍርሃቱን ለብቻቸው አይተዉላቸው፤ እውነቱንም አይንፈጓቸው።