ማንም የማያየው ተዝካር

አሜሪካን አገር የሚኖር አንድ የልጅነት ወዳጄ ሰሞኑን ደውሎ ያጫወተኝ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። እሁድ እሁድ አብረው ሞተር ሳይክል የሚነዱ ጓደኞች አሉት። ከመካከላቸው አንዱ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። «ሙት ዓመቱን እንዴት አሰባችሁት?» ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሞተራችንን ጫካው አፍ ላይ አቁመን፣ በእግራችን ሄደን ሳጥን ደበቅንለት።»

«በሰው ሞት ድብብቆሽ ትጫወታላችሁ እንዴ?» ብዬ ሳቅሁበት።

ነገሩ «ሌተርቦክሲንግ» ይባላል። የተጀመረው እንግሊዝ አገር፣ ዳርትሙር በሚባል ገላጣና ረግረጋማ ደጋ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ጄምስ ፔሮት የተባለ መንገድ መሪ ክራንሚር ፑል ከሚባል ሩቅ ስፍራ ጠርሙስ አኖረ። እዚያ ድረስ የዘለቀ ሰው ስሙ ያለበትን ካርድ ጠርሙሱ ውስጥ ከትቶ ይመለሳል። ኋላ ሰዎች ፖስታ ካርድ ማኖር ጀመሩ፤ ቀጥሎ የመጣው መንገደኛ ያገኘውን ይዞ ወርዶ ፖስታ ቤት ያስገባላቸዋል። ዛሬ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ማህተምና ደብተር ነው። ፈላጊው በተጻፈለት ምልክት እየተመራ ይሄዳል። ሲያገኘው የሳጥኑን ማህተም በራሱ ደብተር ላይ፣ የራሱን ማህተም በሳጥኑ ደብተር ላይ ያሳርፍና እንደነበረ ደብቆት ይመለሳል። አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1998 ስሚዝሶኒያን መጽሔት ከጻፈበት በኋላ ነው።

የወዳጄ ጓደኞች የሟቹን ሞተር ላስቲክ ላይ ቀርጸው ማህተም አደረጉት። የሞተር ቦት ጫማ ለእግር መንገድ አይሆንምና እያነከሱ ሽቅብ ወጡ። ንግግር ያደረገ የለም። ሳጥኑን ከድንጋይ ሥር አድርገው ወረዱ። ዘንድሮ ተመልሰው ሲከፍቱት ደብተሩ ላይ የስድስት እንግዳ ሰዎች ማህተም አገኙ። ሟቹን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ ስድስት ሰዎች፣ የሰው አደራ ከፍተው፣ አይተው፣ መልሰው ሸሽገው ሄደዋል።

«ቆይ፣ ይሄ ሁሉ ለማን ነው? ሟች አያውቅ፣ ጎረቤት አያይ» አልኩት።

ዝም ብሎ ቆየና «እኔ እንጃ። ብቻ ባንሄድ ኖሮ ማንም አያውቅብንም ነበር» አለኝ።

ይቺን ነገር ነው መዋጥ ያቃተኝ። እኛ ዘንድ ሐዘን አደባባይ ነው። ድንኳን ይጣላል፣ እድሩ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ይህን ለመንቀፍ አይደለም የማነሳው። ድንኳኑ ለሟች ሳይሆን ለቋሚ ነው፤ ባሏን የቀበረች ሴት በዚያች ሌሊት ብቻዋን እንዳታድር ያደርጋል። ጫካ ውስጥ የተደበቀ ሳጥን ለማንም ንፍሮ አይቀቅልም፣ ቡና አያፈላም።

ግን ድንኳኑ ከተነሳ በኋላስ? ከሦስት ዓመት በፊት የሞተ ባልንጀራ ነበረኝ። ቀብሩ ላይ ተገኝቻለሁ፣ ሠልስቱም አልቀረብኝም። ስሜ ሲጠራ «አለሁ» ብያለሁ። ቤቱ ከእኔ ቤት ሁለት ፌርማታ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን የግቢውን በር አላንኳኳሁም። ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ አላውቅም። የጠየቀኝም የለም፤ በእድሩ ደብተር ላይ እኔ ያልቀረሁ ሰው ነኝ።

እንግዲህ ሁለት ደብተር አለ ማለት ነው። አንደኛው ሌላ ሰው የሚጠራህ ነው፤ ካልመጣህ ትቀጣለህ። ሁለተኛው ማንም የማይጠራህ ነው፤ ብትቀር ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያው ያስፈልገናል፤ ያለ እሱ ብዙዎቻችን እንሰንፋለን። ሟቹን መውደድ አለመውደዳችን የሚታወቀው ግን በሁለተኛው ይመስለኛል። አደራ የሚባለውም ምስክር በሌለበት የሚጠበቀው ነው። ስድስቱ መንገደኞች ለማያውቁት ሰው ያደረጉትን እኔ ለማውቀው አላደረግሁም።

የፊታችን እሁድ ሁለቱን ፌርማታ በእግሬ ሄጄ ያንን በር ላንኳኳ አስቤያለሁ። ለእናንተ መንገሬ ራሱ ስም ጥሪ እንዳይሆንብኝ ግን እፈራለሁ። ስለዚህ ሄድክ ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ።