ሳይነበብ የተፈረመ

የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. የክሪፕቶ መገበያያው የባይቢት ፈራሚዎች ከአንዱ የኢተሪየም ካዝናቸው ወደ ሌላው ገንዘብ ለማዛወር ተራ በተራ ፈረሙ። ስክሪኑ ላይ የወጣው አድራሻ የራሳቸው ነበር፤ ገጹም ካዝናውን የሚያስተዳድሩበት የዘወትሩ የሴፍ ገጽ። የገጹን ጃቫስክሪፕት ግን ሌቦች ቀድመው ነካክተውት ኖሯል፤ ለዓይን አንዱን እያሳየ ለፊርማ ሌላውን ያቀርብ ነበር። የተፈረመው የካዝናውን መቆጣጠሪያ ኮድ የሚለውጥ ትዕዛዝ ነው። በእጅ የሚያዘው የፊርማ መሣሪያም ይህን ፈትቶ አላሳያቸውም። ከ400,000 በላይ ኢተር፣ ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት፣ ሄደ። ኤፍቢአይ ድርጊቱ የሰሜን ኮሪያ ነው ብሏል።

ውልና ማስረጃ ቀርቦ ቤት የሚሸጥ ሰው ውሉን ገጽ በገጽ ያነባል። ያው ሰው ስልኩ ላይ «አጽድቅ» የሚለውን ለመጫን ሁለት ሴኮንድ አይፈጅበትም። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ኮዱን የጻፈው ባለሙያ የሚነበብ ነገር አላቀረበለትም።

ስለዚህ የሰው ገንዘብ የሚያስፈርም ኮድ የሚጽፍ ሁሉ አንድ ልማድ ቢተው ይበጀዋል፦ ደንበኛው የሞላውን ቅጽ መልሶ እያሳዩ «አረጋግጥ» ማለትን። ለፊርማ የተዘጋጀው ባይት ራሱ ይፈታ፤ ተቀባዩ፣ መጠኑና የኔትወርክ ክፍያው ከዚያ ይነበብ።

ይህ የሚጠቅመው ሌባን ለመከላከል ብቻ አይደለም፤ የስሌት ስህተትንም ያጋልጣል። ጃቫስክሪፕት 0.1 እና 0.2ን ሲደምር 0.30000000000000004 ይላል። ሙሉ ቁጥርንም ቢሆን ሳያዛባ የሚይዘው እስከ 9,007,199,254,740,991 ነው፤ የኢተር ትንሿ አሃድ በሆነችው በዌይ ሲቆጠር ይህ የአንድ ኢተር መቶኛ እንኳ አይሞላም። ቢግኢንት እያለ ገንዘብን በተራ ቁጥር ማስላት ስንፍና ነው።

ከውጭ የሚመጣ ጥቅልም እንዲሁ በዓይን መታየት አለበት። ኅዳር 2017 ዓ.ም. የሶላና ዌብ3 ላይብረሪ 1.95.6 እና 1.95.7 እትሞች የግል ቁልፍ የሚሰርቅ ኮድ ተሸክመው ኤንፒኤም ላይ ወጥተው ነበር። አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ሳያዩ ማውረድ ቀርቶ፣ የተፈተሸውን እትም በሎክፋይል ማሰር ይሻላል። የግል ቁልፍ ደግሞ እነዚህ ጥቅሎች በሚሠሩበት ገጽ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል።

ሥራው ሲያልቅ ባለሙያው ሴፖሊያ የሙከራ ኔትወርክ ላይ ራሱ ሌባ ይሁን። ቅጹ ከተሞላ በኋላ፣ ከፊርማው በፊት፣ የተቀባዩን አድራሻ በኮድ ይቀይር። ከዚያ ምንም ያልነገረው ባልደረባው ስክሪኑን አይቶ ይፈርም እንደሆነ ይመልከት።