ኦቴሎና የቡዳ ሐሜት

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው የሼክስፒር «ኦቴሎ» በ1604 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የታየ ተውኔት ነው። ኦቴሎ ቬኒስን ከቱርክ የሚጠብቅ ጥቁር የጦር አዛዥ፣ የተጠመቀ ክርስቲያን ነው። የምክር ቤቱ አባል ብራባንሺዮ ቤቱ እየጋበዘ የጦር ሜዳ ታሪኩን ሲያዳምጥ ቆይቷል። ልጁ ዴዝዴሞና ይህንኑ ሰው ማግባቷን ሲሰማ ግን በአስማት አፍዝዟት ነው ብሎ ይከሳል። በፈቃዷ ወደደችው ማለት ጨርሶ አይዋጥለትም።

ክሱ ለጎንደር አገር እንግዳ አይደለም። ከጎንደር ከተማ ዙሪያ እስከ ይፋግ ገበያና እስከ ፎገራ ሜዳ ድረስ ገበሬው ያለ ባለእጁ ማረሻ አያርስም፣ ባልቴቷም ያለ ሸክላ ሠሪዋ ምጣድ አትጋግርም ነበር። እነዚሁ ሰዎች ግን ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባሉ ተፈሩ፤ ከእነሱ ጋር መጋባትም ነውር ሆነ። ከባለእጆቹ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ነበሩ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ፤ ፍርሃቱ ግን ከዐዋጁ በኋላም ቀጠለ።

የጎንደሩ ባለእጅ በመልክ ከጎረቤቱ አይለይም። ስለዚህ ንቀት የሚነሣው ቀለም አይቶ ነው ማለት አያስኬድም፤ ንቀቱ ይቀድማል፣ ምልክት ፍለጋው ይከተላል። ምልክት ሲጠፋ ደግሞ ዓይን የማያየው የሌሊት ጅብ ይፈጠራል።

እዚህ ላይ ከባድ የሃይማኖት ጥያቄ ይነሣል። የሰው ልጅ ሁሉ ከአዳም ነው፣ ጥምቀትም አንዲት ናት ብላ በምታስተምር ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ይህ ንቀት እንዴት ጸና? በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ ብለው እንደ ነበር በትውፊት ይነገራል። ቢሆንም ከተጠመቁት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ ከቡዳነት ሐሜት አልዳኑም። ኦቴሎም መጠመቁ አልጠቀመውም። ትምህርቱ ስለ ነፍስ ሲናገር፣ ሐሜቱ ስለ ዘር ይናገራል፤ በጋብቻ ጊዜ የሚሰማው ሁለተኛው ነው።

የኦቴሎ የበታች መኮንን ኢያጎ አዛዡን የሚጠላው ሹመት ለሌላው መኮንን ለካሲዮ ስለ ተሰጠበት ነው፤ መሣሪያው ግን የብራባንሺዮ ንቀት ነው። እንዳንተ ያለውን ሰው መውደድ ለእሷ ከተፈጥሮ ውጭ ነው የሚል ሐሳብ በኦቴሎ ጆሮ ያፈስሳል። ኦቴሎም ያምነዋል። የተውኔቱ መዓት ያለው እዚህ ነው፦ ሚስቱን የሚገድለው ቅናት ብቻ አይደለም፣ እኔ ልወደድ አልችልም የሚል እምነትም ነው። በመጨረሻም፣ ቀድሞ በአሌፖ አንድ ቱርክ እንደ ገደለው ሁሉ ራሱን ይገድላል፤ የቬኒስ ጠባቂም የቬኒስ ጠላትም እሱው ይሆናል።

ቤተ እስራኤል በዚያ ሁሉ ሐሜት መሐል ለምን እንዲህ አልፈረሱም? ኦቴሎ ብቻውን ነው፤ እንዲህ አይደለህም የሚለው አንድ ወገን እንኳ በቬኒስ የለውም። እነሱ ግን ኦሪታቸው፣ ቄሶቻቸው፣ የራሳቸው መንደር ነበራቸው። የውጭ ሰው የነካ፣ ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ወደ መንደሩ አይገባም ነበር። ይህ ሥርዐት በፈንታው ሌላውን ያርቃል፤ የሌላው ንቀት ወደ ልብ እንዳይዘልቅ ግን አጥር ሆኗል።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በዚያ ደግሞ ቀለማቸው ምልክት ሆነ። በ1996 እ.ኤ.አ. የለገሱት ደም በበሽታ ፍራቻ በድብቅ ይደፋ እንደ ነበር ሲጋለጥ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢየሩሳሌም ላይ አደባባይ ወጡ።